ምስል አለ፣ ድምፅ የለም

ኮምፒውተርን ከቲቪ ጋር አገናኝቶ ፊልም ማየት ምን ችግር አለው የሚል ሰው ካገኛችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። አንድ ገመድ ትሰካለህ፣ አለቀ ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ምስሉ ላይ አለቀ። ምስሉማ እንከን አይወጣለትም፣ የተዋናዩ የጺም ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ድምፁስ? ድምፁ የለም። ማታ ነበረ። ማንም ምንም አልነካም። ዛሬ የለም።

ዕቃ ይበላሻል፣ ያለ ነው። እኔን ያቃጠለኝ የድምፁ መጥፋት ብቻ አይደለም። "ጥፋቱ እኔ ጋ ነው" የሚል ዕቃ መታጣቱ ነው። ኮምፒውተሩን ስትጠይቁት "ይህ መሣሪያ በትክክል እየሠራ ነው" ብሎ ይጽፍላችኋል። ቲቪው ላይ ቮልዩም ስትጨምሩ ቁጥሩ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ እሱም ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ሳውንድባሩ (ከቲቪው ሥር የሚቀመጠው ረዥም ስፒከር) መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ጤነኛ ነው፣ ቤቱ ግን ጭጭ። እናንተ ደግሞ ማኅተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እንደሚንከራተት ባለጉዳይ ሪሞት በአንድ እጅ፣ ማውዝ በሌላው እጅ ይዛችሁ ትመላለሳላችሁ።

ከሁሉ የምታናድደኝ ያቺ ከፍ ዝቅ የምትል መስመር ናት። ዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፊልሙን ስታጫውቱ ከመሣሪያው ስም ጎን የምትታየዋ። እየጨፈረች ነው! ድምፅ እየወጣ ነው እያለች ነው። ወዴት ነው የሚወጣው? ማን ነው እየሰማው ያለው? ለነገሩ እሷ አልዋሸችም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በእርግጥ እየላከ ነው። የሚልከው ግን ምንም ገመድ ወዳልተሰካበት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ አይነግራችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ቪጂኤ በሚባለው የስክሪን ገመድ ዘመን ገመዱ የሚያመጣው ምስል ብቻ ነበር። ከእሱ በኋላ ዲቪአይ የሚባለው ሲመጣም ስታንዳርዱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ድምፅ ከፈለጋችሁ ሌላ ቀጭን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወደ ቲቪው ትዘረጋላችሁ። ያስጠላል፣ ይጠላለፋል፣ ግን ድምፁ በየት በኩል እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤችዲኤምአይ መጣና ሁለቱን በአንድ ገመድ ጠቀለላቸው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ድምፁን ወደዚያ ገመድ የሚያስገባው የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) የድምፅ ክፍል ሳይሆን ምስሉን የሚያወጣው የግራፊክስ ክፍል መሆኑን ነው። (እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት የወጡ አንዳንድ የግራፊክስ ካርዶች እንዲያውም ድምፅ የሚያገኙት ከማዘርቦርዱ በውስጥ በኩል በምትመጣ ባለሁለት ሽቦ ገመድ ነበር። ያቺን ያልሰካ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ ድምፅ አያገኝም።)

ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የማወጣው እኔ ነኝ የሚል ብዙ ነው። የማዘርቦርዱ አለ። የግራፊክስ ካርዱ አለ። ድምፅን በብርሃን የሚልከው ኦፕቲካል መውጫ አለ። ብሉቱዝ ሄድፎን አለ። የጌም መቆጣጠሪያው እንኳ የሄድፎን ቀዳዳ ካለው ስፒከር ነኝ ብሎ ይመዘገባል። ዊንዶውስ ከእነዚህ አንዱን ዲፎልት (ዋናው መውጫ) ብሎ ይመርጥና ድምፁን ሁሉ ወደዚያ ይነዳዋል።

ጉዱ የሚመጣው ቲቪውን ስታጠፉ ነው። ቲቪው ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተሩ የድምፅ መሣሪያው ተነቅሎ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ከዝርዝሩ ላይ ይሰወራል። ዊንዶውስም ሳያማክራችሁ ድምፁን ወደሚቀጥለው መሣሪያ ያዛውረዋል። ቲቪውን መልሳችሁ ስታበሩ ይመለሳል? አንዳንዴ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ እዚያው በሄደበት ይቀራል። ኮምፒውተሩ ተኝቶ ከነበረ፣ መጀመሪያ እሱ ተነስቶ ቲቪው ዘግይቶ ከበራ፣ ወይም ማጫወቻው ተከፍቶ እንደቀረ ከሆነ ዕድላችሁን ጠብቁ። ማጫወቻው የድሮውን መሣሪያ ሙጭጭ ብሎ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ዘግቶ መክፈት ግድ ይላል።

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው። ታች ጥግ ላይ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጭኖ የቲቪውን ስም መምረጥ። እዚያም ወጥመድ አለ። ዝርዝሩ ላይ "ዲጂታል ኦዲዮ" የሚል ስም ያለው ይመጣል። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው አይደል? ሰው ሁሉ እሱን ይመርጣል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ የማዘርቦርዱ ኦፕቲካል መውጫ ነው። እንግዲህ ድምፁ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ሲፈስ ያመሻል፣ ያቺ መስመርም ትጨፍራለች። የቲቪው ስም ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ወደ ድሮው የሳውንድ መስኮት ገብታችሁ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ፣ የተዘጉትን መሣሪያዎች አሳየኝ ማለት አለባችሁ። ይህን ቀኝ ክሊክ ማን ነው በራሱ የሚደርስበት? ተዘግቶ የተደበቀ ነገር እዚያ እንዳለ የሚጠቁም አንዲት ምልክት እንኳ የለችም።

መካሪዎቹስ! ችግሩን ለሰው ስትናገሩ የመጀመሪያው መልስ "ሪስታርት አድርገው ወንድሜ" ነው። ሁለተኛው "የሪልቴክ ድራይቨር ጫንበት" ነው። ሰዎች፣ ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩ አንድን ዕቃ እንዲያሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፣ ሪልቴክ ደግሞ የማዘርቦርዱ ድምፅ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ላይ በተሰካ ኤችዲኤምአይ ለሚሄድ ድምፅ የሚያስፈልገው የኢንቪዲያ፣ የኤኤምዲ ወይም የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ነው፣ ከነድምፅ ክፍሉ። ስትጭኑ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ትንንሽ ሳጥኖች የድምፁ ላይ ምልክት መደረጉን ማየት ያስፈልጋል። ምስሉ ሠርቶ የድምፁ ድራይቨር የሚጎድልበት ጊዜ አለ፣ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ አፕዴት አድርጎ የነበረውን በሌላ ሲተካውም እንዲሁ። ደኅና የነበረ ነገር ጠዋት ተነስታችሁ ስታጡት መጀመሪያ የምትጠረጥሩት አፕዴቱን ይሁን። ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ እስከሚቀጥለው አፕዴት ድረስ።

እሺ፣ ድምፁ መጣ እንበል። ሙዚቃ ይሰማል። ዩቲዩብ ይሰማል። አንዱን ፊልም ትከፍታላችሁ፣ ይሰማል። ሌላውን ትከፍታላችሁ፣ ጭጭ። እዚህ ላይ ነው ሰው ራሱን የሚጠራጠረው። ጉዳዩ የፋይሉ ውስጥ ድምፅ የታሸገበት መንገድ ነው። አንዱ ዶልቢ ነው፣ አንዱ ዲቲኤስ ነው። ማጫወቻው ላይ ፓስስሩ የሚባለው ነገር በርቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ የታሸገውን ሳይፈታ እንዳለ ወደ ቲቪው ይወረውረዋል። ቲቪው ዲቲኤስ መፍታት የማይችል ከሆነ (ብዙ ቲቪዎች አይችሉም) የመጣለትን ይዞ ዝም ይላል። "ይህን አላውቀውም" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ማውጣት አቅቶት ነው? የቻናል ስም፣ ሰዓት፣ የራሱን ማስታወቂያ ሲያወጣ ያውቅበት የለ። ኮዲ የሚባለውን ማጫወቻ የምትጠቀሙ ሰዎች ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ፓስስሩን አጥፉት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ፈትቶ ይላከው። በቀጥታ በቲቪው ስፒከር ለሚሰማ ሰው ፓስስሩ ምንም አይጠቅመውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ግማሽ ድምፅ ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ ይሰማል። መኪናው ይጋጫል፣ ይሰማል። ሰውና ሰው ሲነጋገሩ ግን የለም፣ ወይም ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ይመስላሉ። ፊልሙ ላይ ችግር ያለ ይመስላችሁና ሌላ ኮፒ ትፈልጋላችሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባለ 5.1 ድምፅ ስድስት ቻናል አለው፣ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠውም መሐል ላይ ባለው ስፒከር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የስፒከሩ ዓይነት 5.1 ተብሎ ከተሞላና ቤት ያለው ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር ብቻ ከሆነ፣ ንግግሩ ወደሌለው የመሐል ስፒከር ይሄድና በዚያው ይቀራል። ስቴሪዮ ብላችሁ ስትቀይሩት ሰዎቹ ወዲያው መናገር ይጀምራሉ። ስድስት ስፒከር አለኝ ብሎ ማን ነገረው? ከዝርዝሩ ላይ ትልቁን ቁጥር ያየ ሰው የሚበልጠው እሱ ነው ብሎ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ቲቪው ነው የነገረው።

አዎ፣ ይነጋገራሉ። ገመዱ ሲሰካ ቲቪው ኢዲአይዲ የሚባል አጭር መረጃ ለኮምፒውተሩ ይልካል። ምስል እስከዚህ ድረስ እችላለሁ፣ ድምፅ ይህን ይህን ዓይነት እቀበላለሁ፣ ቻናል ይህን ያህል አለኝ ይላል። ያ መረጃ ተቆርጦ ወይም ተዛብቶ ከደረሰ ኮምፒውተሩ ቲቪውን ስፒከር እንደሌለው ተራ ሞኒተር ሊቆጥረው ይችላል። ምስል ይልካል፣ ድምፅ አይልክም። መሐል ላይ ማከፋፈያ ወይም የድምፅ ሪሲቨር (አምፕሊፋየር) ካለ ደግሞ እሱም የራሱን መረጃ ይጨምርበታል። ለዚህ ነው ያ የሚያሳፍር መፍትሔ የሚሠራው። ሁሉንም ከግድግዳው ሶኬት ነቅሎ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ መልሶ መሰካት። ቲቪን በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም፣ ስታንድባይ ነው። የተሳሳተውን ትውውቅ ይዞት ሊያድር ይችላል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥበት ግን እንደ አዲስ ለመተዋወቅ ይገደዳል። እዚህ ድረስ በቴክኖሎጂ መጥቀን የመጨረሻው መድኃኒት ነቅሎ መሰካት ይሁን?

ሳውንድባር ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ከቲቪው ወደ ሳውንድባሩ ድምፅ የሚመልሰው ኤአርሲ የሚባለው ነገር ነው። የመጣው ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቲቪው ላይ አራት ቀዳዳ ቢኖር ይህን የሚችለው ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። አጠገቡ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ አለ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ተቀርጾ፣ ቲቪው ከግድግዳ ጋር በተጣበቀበት በኩል። እሱን በስልክ መብራት ፈልጋችሁ ብታገኙ እንኳ ብዙ ጊዜ ሲኢሲ የሚባለውን፣ ዕቃዎቹ በገመዱ እርስ በርስ እንዲተዛዘዙ የሚያደርገውን ሴቲንግ ካላበራችሁ አይሠራም። እሱን ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ በስሙ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ብለው ነው የሚጠሩት። አንዳንድ የቆዩ ቲቪዎች ላይ ደግሞ ዲቪአይ ተብሎ ምልክት የተደረገበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለ። እዚያ ኮምፒውተር ከሰካችሁ ቲቪው ድምፁን ከሌላ ቀጭን ገመድ ሊጠብቅ ይችላል። ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር ብቻ ይበቃው የነበረ ነገር ስንት ገመድ ያስገዛል።

"ዊንዶውስን ትተህ ሊኑክስ ጫንና ተገላገል" የሚሉም አሉ። እናንተዬ፣ እዚያም ያው ነው። ኤችዲኤምአይ የሚል መውጫ ተደርድሮ ይመጣል፣ የትኛው የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ እየሞከራችሁ ነው የምታገኙት። አልሳሚክሰር የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ስትከፍቱ ደግሞ ዲጂታሉ መውጫ ሙዩት ተደርጎ ልታገኙት ትችላላችሁ። በመጀመሪያውኑ ማን እንደዘጋው እንጃ።

እኔ ተአምር አልጠየቅሁም። ኮምፒውተሩ ቲቪው መጥፋቱን ያውቃል። ድምፁን ወደ ሌላ መሣሪያ ያዛወረውም ራሱ ነው። ቲቪውም የመጣለትን ድምፅ መፍታት አለመቻሉን ያውቃል። ባትሪ ቀነሰ፣ ፍላሽ ተነቀለ፣ አፕዴት መጣ፣ አሁን ዝናብ ይዘንባል ብሎ ጥግ ላይ ብቅ የሚል ዕቃ "ድምፁን ወደ ኦፕቲካል አዛውሬዋለሁ፣ ይመለስ?" ማለት ምን ይከብደዋል? አንዲት መስመር ጽሑፍና አንዲት አዝራር። ይህን የሠራ ሰው የሰውን ምሽት ያተርፋል።

ከእናንተ መካከል ቲቪው ጠፍቶ በበራ ቁጥር ድምፁ ያለ ጣጣ የሚመለስለት ሰው ካለ፣ ምን ካርድ፣ ምን ድራይቨር፣ ምን ማጫወቻ እንደሚጠቀም ዘርዝሮ ይጻፍልኝ። "ሪስታርት አድርገው" የሚል ሰው ግን በፈጠራችሁ ይለፈኝ።