ለአእምሮ ኪኒን ከመግዛት በፊት የጨው ዕቃው ይከደን

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በደሴና በኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች «ለጥናት የሚሆን፣ አእምሮ የሚከፍት ነገር አላችሁ?» የሚል ወላጅ ይበዛል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩና ጭንቀቱ አይፈረድበትም። መደርደሪያውም ባዶ አይደለም፤ ከዛፍ ቅጠል የሚወጣው ጂንኮ አለ፣ የዓሣ ዘይቱ ኦሜጋ 3 አለ፣ «ለማስታወስና ለትኩረት» የሚል የተጻፈበት የቫይታሚን ቅልቅል አለ። ችግሩ እነዚህ ሁሉ የጎደለንን ነገር አለመሙላታቸው ነው። በእርግጥ የሚጎድለን ነገር ደግሞ ሌላ ቦታ፣ በጣም በርካሽ ይገኛል፤ የመጀመሪያው፣ አዮዲን የሚባለው ማዕድን፣ ያለው በጨው ዕቃው ውስጥ ነው።

ጂንኮን እንመልከት። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆነ 3,069 ሰዎች ተመርጠው፣ ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ጂንኮ፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል እየወሰዱ ስድስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጂንኮው የመርሳት በሽታን አልቀነሰም። ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ለሚወስድ ሰው ግን ጂንኮ የመድማት አደጋ ያክልበታል። ኦሜጋ 3 በእንክብል ሲሰጥም ጤነኛን ሰው አስታዋሽ አላደረገም። ለፍትሕ ያህል፣ በየቀኑ የሚወሰድ የቫይታሚን ቅልቅል ከ60 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ መጠነኛ የትውስታ መሻሻል ያሳየባቸው ሙከራዎች አሉ። የ18 ዓመት ተማሪ ግን ከዚያ ውስጥ አልነበረም።

አእምሮ ከፋች ፍለጋው ራሱ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ቅኔው እንዲገለጥለት አብሾ ይጠጣል ሲባል ኖሯል፤ ጠጥቶ የሚረብሸውን ሰው ዛሬም «አብሾ አለበት» እንላለን። አቀማመሙ እንደ ባለሙያው ቢለያይም ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው አስተናግር ከሚባለው ተክል ጋር ነው። አስተናግር ውስጥ ደግሞ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታ መድኃኒት ሲሞክሩ አስቀድመው የአይጧን ትውስታ የሚያደናቅፉት በዚሁ በስኮፖላሚን ነው።

ወደ ጨው እንመለስ። አዮዲን ሲያንስ በዓይን የሚታየው እንቅርት ነው፤ የማይታየው ጉዳት ግን ማህፀን ውስጥ ይጀምራል። የጽንሱ አንጎል የሚገነባው በእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲሆን ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። ያኔ የጎደለውን ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚመልስ ብልቃጥ የለም። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ 250 ይበቃል። ዘመናት ዝናብና ጎርፍ ያጠበው የደጋ አፈር ይህን አይሰጥም፤ ለዚህም ነው በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያዘዘው። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን የያዘ ጨው ከሆነ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ 5 ግራም የአዋቂውን የቀን ድርሻ ይሸፍናል።

ስሌቱ የሚፈርሰው ጨው ከሚመረትበት ከአፍዴራ እስከ ድስቱ ባለው መንገድ ነው። ጆንያው ገበያ ላይ ተከፍቶ ፀሐይና እርጥበት ይመታዋል። ቤት ሲገባ አፈር አለበት ተብሎ ይታጠባል፤ አዮዲኑ አብሮ ይፈስሳል። ወጥ ላይ መጀመሪያ ተጨምሮ አብሮ ሲንተከተክ ይውላል። አሞሌውማ ከነጭራሹ አልተጨመረበትም። ስለዚህ የታሸገ፣ «አዮዲን ያለው» የሚል የተጻፈበት ጨው ይገዛ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይነስነስ። ጨው ግን አይበዛ፣ ደም ግፊቱ አለ።

ሁለተኛው ጉድለት የአዛውንቶች ነው፤ ቫይታሚን ቢ12። የሚገኘው በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በዓሣ ብቻ ነው፤ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣም አለው። ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ አረማመድ ይናጋል፣ ሰው ይረሳል፤ ቤተሰብም «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ብዙዎች ጾምን ይወቅሳሉ። ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያስቀምጥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ብቻውን አይጨርሰውም። የሚጨርሰው ፍስኩም እንደ ጾሙ ሲሆን ነው፤ ወተቱም እንቁላሉም ገበያ የሚወጣበት ቤት። ከዚያ በላይ የሚዘነጋው መድኃኒት ነው። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን እና ለጨጓራ ያለ ሐኪም ለዓመታት የሚዋጠው ኦሜፕራዞል ሁለቱም የቢ12ን መመጠጥ ይቀንሳሉ። ሕክምናው ቀላል ነው። በአፍ የሚወሰድ 1000 ማይክሮግራም ያለ ጨጓራ እርዳታ አንድ ከመቶ ያህሉ ይገባል፤ ያም 10 ማይክሮግራም ነው፣ የቀን ፍላጎቱ 2.4 ብቻ። የነርቭ ምልክት ከታየ ግን መርፌ ይቀድማል፤ የቆየ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠት ደግሞ ወጥመድ ነው፤ ደም ማነሱን ያስተካክልና ነርቩ በስውር መጎዳቱን ይቀጥላል።

«የነርቭ ቫይታሚን» የሚባለው የቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ቅልቅልም እንዲሁ ለወራት የሚዋጥ አይደለም። በአንዳንዱ ፍሬ ቢ6 200 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ከመጠን ያለፈ ቢ6 ራሱ እግር ያደነዝዛል።

ብረትስ? ደሙ ያነሰ ተማሪ ይደክመዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፤ በተለይ ልጃገረዶች። ግን አስቀድሞ የሄሞግሎቢን (የደም ማነስ) ምርመራ። አቦሉ ከምሳው ሳይነሡ ከተቀዳ የምግቡን ብረት ስለሚይዘው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ኪኒኑም በሎሚ ወይም በብርቱካን እንጂ በሻይና በወተት አይወሰድ፤ ሕፃን ከማይደርስበትም ይቀመጥ፣ ብዙ ከዋጠ ይገድላል።

በምርቃና የሚያነቡትን በተመለከተ፣ ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ የተነበበው የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ነው።

ከመድኃኒት ባለሙያዎቻችን የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ብልቃጡን ከማውረዳቸው በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የሚወስደው ማን ነው? ሜትፎርሚን ወይም የጨጓራ መድኃኒት ይወስዳሉ? ደም ማቅጠኛስ? እግር ይደነዝዛል? ከኋለኞቹ ሦስት ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየው የሚላከው ወደ ምርመራ እንጂ ወደ ካሸር አይደለም።