ሰሙ ከሆሊውድ፣ ወርቁ ከከዚራ

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት አለ። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል፤ ባለባጃጁ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ገብቶ እግሩን መሪው ላይ ይሰቅላል። በዚያ ሰዓት ነው በየቤቱ ምንጣፍ ላይ የአገራችን ታላቁ የምርምር ተቋም ሥራ የሚጀምረው። በጀት አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ፊልም የተጫነበት አንድ ፍላሽ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በነፍስ ወከፍ አንድ እስር ቅጠል፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በፔርሙስ ሻይና ኦቾሎኒ የሚያቀብል አንድ ታናሽ ወንድም ነው። የሚያመርተው ግን ዓለም ያላየውን ነው። ካባ ለብሰው የሚበሩ፣ መዶሻ የሚወረውሩ፣ ከፎቅ ፎቅ የሚዘሉ አሜሪካውያን ሁሉ ማንነታቸው ተገልጦ፣ ትውልዳቸው ተቆጥሮ፣ የእኛው ሰዎች ሆነው ይወጣሉ።

ይህን ሙያ የሚያናንቁ አሉ። አላወቁትም። የድሮ ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር ዓመታት ይፈጅበት ነበር፤ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ። የድሬ ተንታኝ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። በቅኔ ቤት ደግሞ ወርቁን ከሰሙ ሥር የሚደብቀው ባለቅኔው ራሱ ነው። እዚህ ባለቅኔው ምን እንደደበቀ አያውቅም፤ ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ ሠራሁ ያለውን፣ ምን እንደሠራ የሚነግረው ከዚራ ነው።

ሥራው ከስም ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ብላክ ፓንተርን እንውሰድ። የንጉሡ ስም ቲቻላ ነው። መጋላ መሃል ቆመህ «ጫላ!» ብትል ሰባት ሰው ዞር በሚልበት ከተማ ይኼ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ፊት ያለችው «ቲ» ለማሳሳት የተጨመረች ናት። ከጓንቱ ጫፍ ጥፍሩ ስል ሆኖ ሲወጣማ ነገሩ ያበቃል፦ ጫላ ጩቤ ጨበጠ! ይኼን ሐረግ ሕፃን ሁሉ ሲያነበንበው የኖረው «ጨ»ን ለመለየት ይመስላችኋል? ትንቢት ነበር።

የጫላ አገር ዋካንዳም እንዲሁ ነው። «ዋቃ» በኦሮምኛ ፈጣሪ ነው፤ የሶማሌም የጥንት ቃል «ዋቅ» ይላል። «አንድ» አማርኛ ነው። መጨረሻ ላይ የተረፈችዋ «አ» ለሐረሪ ትሰጣለች፣ ቅር እንዳይላቸው። አንድ ስም ውስጥ ይኼ ሁሉ ቋንቋ ተፋቅሮ የሚገኘው የድሬው ታይዋን ገበያ ብቻ ስለሆነ ዋካንዳ የት እንዳለች ታወቀ ማለት ነው።

ቶር የተባለው የሰሜን አውሮፓውያን የነጎድጓድ አምላክ ደግሞ ጦር ነው። ፈረንጅ «ጠ» ማለት አቅቶት ነው። «ታዲያ ለምን መዶሻ ይዞ ይዞራል?» ብሎ የሚጠይቅ ደረቅ አይጠፋም፤ መልሱ አጭር ነው፦ ጦሩን ማን ቀጠቀጠው? ሱፐርማንን በተመለከተ ክርክር የለም። የትውልድ ስሙ ካል-ኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ለኅትመት ያበቁት የክሊቭላንድ ወጣቶች የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ፤ ስሙ የዕብራይስጥ ድምፅ እንዳለው፣ ሕፃኑ በመንኮራኩር ተጭኖ መላኩም ሙሴ በቅርጫት ወንዝ ላይ ከተጣለበት ታሪክ ጋር እንደሚመሳሰል ብዙዎች ጽፈዋል። ተንታኛችን እስከዚህ በትዕግሥት ያዳምጣል። ከዚያ ጉንጩን አስተካክሎ «ቃለ ኤል» ይላል፤ ግእዝ። ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። እውነቱን ለመናገር ይኼኛው ያምራል።

ሁለተኛው ሥራ ዘመን ማመሳከር ነው፤ በዚህ ድሬን የሚስተካከል ከተማ የለም። እዚህ ሦስት ዘመን ይቆጠራል፤ የኢትዮጵያው፣ የፈረንጁ፣ የሂጅራው። በአንዱ ያልገጠመ በሌላው ይገጥማል። ብላክ ፓንተር አሜሪካ የተለቀቀው ፌብሩዋሪ 16 ቀን ነው፤ በፈረንጅ ምንም አይል። ወደ እኛ ሲመለስ የካቲት 9 ቀን 2010 ይሆናል። የካቲት! የዓድዋ ወር! ከ23 የሚጎድለው 14 ቀን ነው፤ እሱም «ጦሩ መንገድ ላይ የነበረበት» ተብሎ ይታለፋል። ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው መዝመታቸው እውነት ስለሆነ አፍ የሚከፍት የለም። የሙያው መጠን ይኼው ነው፦ ለሦስት ማንኪያ ፈጠራ አንድ ማንኪያ እውነት። ካነሰ ያንቃል፤ ከበዛ ትምህርት ሆኖ ሰው ይተኛል።

ከፍ ያለ ማዕረግ ላይ የደረሰው ደግሞ ፊልሙ ወደተቀዳበት ኮሚክስ፣ ወደ ሥዕላዊው መጽሔት፣ ይወርዳል። ጥቁሩ ፓንተር መጀመሪያ የታየው ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በሠሩት፣ ሽፋኑ ላይ ጁላይ 1966 ተብሎ በታተመ እትም ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ የገቡት ኤፕሪል 21 ቀን 1966። ሦስት ወር! ንጉሡ የት ተወለዱ? ኤጀርሳ ጎሮ። ዞሮ ዞሮ ምሥራቅ ሐረርጌ ገባን።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ብልሽት አለ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ኮሚክስ ሽፋን ላይ የሚታተመው ወር መጽሔቱ ከሚሸጥበት ወር ሁለት ሦስት ወር ወደፊት የተገፋ ነበር፤ ሱቅ ላይ ቶሎ እንዳያረጅ። ጁላይ የሚለው እትም የሚሸጠው በጸደይ ነው፤ ታሪኩና ሥዕሉ ደግሞ ከዚያም በፊት ወራት ወስዷል። ስለዚህ ንጉሡ አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ ጫላ ተሥሎ አልቆ ነበር ማለት ነው። ይኼን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ጀማሪ ይደነግጣል። የበሰለው ግን «ጉብኝቱ እኮ ቀድሞ የታቀደ ነበር» ይልና ቅጠሉን ይቀጥላል።

ዕቃን በተመለከተ ብዙ አንደክምም። ሳጥን የታየበት ፊልም ሁሉ ስለ ታቦተ ጽዮን ነው፤ ሳጥኑ ካበራ ጥርጥር የለውም። የሚያስቸግረው ቁጥር ነው። በሌላው የሱፐርሂሮ ፊልም ክፉው ታኖስ የሚሰበስባቸው ድንጋዮች 6 ናቸው፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ጥንታዊ በሮች ግን 5፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በአንድ በር ምክንያት ስንት ትንታኔ ሊቀር ነበር! ደግነቱ ኋላ የተከፈተው መኪና የሚገባበት በር አለ። ተቆጠረ፤ 6 ሞላ።

ጀጎል ከተነሳ ደግሞ ዋካንዳን ከድሬ ነጥቀው ወደ ሐረር የሚወስዱ አሉ፤ ሁለቱ ከተሞች 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በዚህ ጉዳይ ፉክክሩ ከባድ ነው። የሐረሮች ማስረጃ ጠንከር ይላል። ከተማዋ በግንብ ተከልላ ለአውሮፓ ሰው ዝግ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1855 እስኪገባባት ድረስ። ፊልሙ ውስጥ ቆስሎ ወደ ዋካንዳ የሚወሰደው የሲአይኤ ሰውዬ እንግዲህ በርተን መሆኑ ነው። «ፓንተሩስ? ሐረር ያላት ጅብ ነው» ሲባሉ፣ ጅቡን በሆሊውድ ብር መሥራት ስላላማራቸው ነው ይላሉ። ድሬዎች በምላሹ ባቡሩን ይመዛሉ። ዋካንዳ ውስጥ ከመሬት ብድግ ብሎ የሚበር ባቡር አለ፤ ባቡር ደግሞ ተራራውን ፈርቶ ሐረርን ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው እኛ ጋ ነው። ስለሚበረው ሲከራከሩ ያመሻሉ፤ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች የቆሙበት ጋራዥ ግን ከምንጣፉ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ያየው የለም፣ ፀሐይ ነዋ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ድሬንም ሐረርንም ወደሚያስታርቀው። ቅጠሉ።

የዋካንዳ ንጉሥ ኃይሉን የሚያገኘው ከቅጠል ነው። የልብ ቅርጽ አለው፤ በጓሮ ይተከላል፤ አዋቂው በሙቀጫ ይወቅጠዋል፤ ንጉሡ ተጋድሞ ይጎነጫል፤ አሸዋ ይለብሳል፤ ከዚያ ነፍሱ ግራር ወዳለበት ሰፊ ሜዳ ሄዳ ከሞቱ አባቶቹ ጋር ታወራለች። አቦ! ይኼን ለድሬ ሰው ማን ያስረዳዋል? ጥርሳቸው ያለቀ አባቶች በሙቀጫ ተወቅጦላቸው እንደሚቅሙት ከተማው ሁሉ ያውቃል። አሸዋው የደቻቱ ወንዝ ነው። ሜዳው የሽኒሌ መንገድ ነው። ከሞተ ሰው ጋር ማውራቱ ምርቃና ነው፣ እሱም አሥር ሰዓት ገደማ የሚመጣው። የንጉሡ ባላንጣ ኪልሞንገር ዙፋኑን ይዞ የቅጠሉን እርሻ ሲያቃጥል ምንጣፉ ላይ የሚሰማው ዋይታ ለሌላ ለማንም ጨካኝ አልተሰማም። አንዲት ቅጠል ብቻ ተርፋ ወደ ተራራ ስትወሰድ ደግሞ ስሌት ይጀመራል፤ የአወዳይ ጭነት በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ለሚያውቅ ሰው ይኼ ተራ ነገር አይደለም። የጫት ጉልበት ካቲኖን ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ እየከሳ ሄዶ በሁለት ቀን ገደማ የረባ ነገር አይቀረውም። ስለዚህ ቅጠሏን የያዘችው ናኪያ ተራራውን የወጣችው ከ48 ሰዓት በታች መሆን አለበት። ተደመረ፣ ተቀነሰ፣ ደረሰች።

የሰዓቱ ነገር ሙያውን ራሱንም ይገዛዋል። ስምንት ሰዓት ላይ የተቀመጠ ተንታኝ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ባይናገር ይሻላል፤ ሐሳቡ ገና ጥሬ ነው። ምርጡ ወርቅ የሚወጣው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ነው። ከአሥራ ሁለት በኋላ ወሬው ይቀዘቅዛል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጣሪያ ያያል፤ በዚያ ሰዓት የሚወጣ ትንታኔ ስለ ሱፐርሂሮ መሆኑ ቀርቶ ስለ ውርስ ቤት ይሆናል። ጨብሲ ከተጀመረ ወዲያ የተባለው አይመዘገብም።

ትልቁ አደጋ ግን የክፉው ገጸ ባሕርይ ጉዳይ ነው። ጀግና ለማግኘት ቀላል ነው፤ ክፉውን ማን እንበለው? ምንጣፉ ላይ ማን እንዳለ ሳያይ ስም የሚጠራ ተንታኝ አያረጅም። ሐረር ላይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጀግና ናቸው፤ ደጋ ላይ ያደገው «ግራኝ» ብሎ ሌላ ነገር ሲሰማ ነው የኖረው። ዓድዋን ያነሳ አፍ ጥንቃቄ ካላደረገ ጨለንቆ፣ 1879 ዓ.ም. ላይ ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ ያኔ ፊልሙ ቆሞ ሌላ ፊልም ይጀመራል። የበሰለ ተንታኝ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፦ ጣሊያን። ታኖስም ጣሊያን፣ ሎኪም ጣሊያን፣ ኪልሞንገርም ያው ሮም የተማረ ነው። ጣሊያን እንደ በርበሬ ነው፤ ከምን ጋር አይሄድም?

ሌላው ብልሽት ፊልሙን በእውነት አይቶ የመጣ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ስልኩን ያወጣና የንግሥቲቱ ቆብ የዙሉ ሴቶች ነው፣ ተዋጊዎቹ የሚለብሱት ብርድ ልብስ የሌሶቶ ነው፣ ቋንቋው ዖሳ ነው፣ የንጉሡ ሴት ዘበኞች ነገር ከዳሆሜ ሴት ወታደሮች ጋር ይያያዛል፣ ተራራ ላይ ያሉት በህንዶች አምላክ በሃኑማን የሚምሉ ናቸው እያለ ያነባል። የሠሩትም ሰዎች አልደበቁትም፣ ሲጠየቁ ተናግረዋል። ይኼ ሁሉ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ያልተደበቀ ነገር እንዴት ወርቅ ይሆናል? «እሱማ ሰሙ ነው፣ የኔ ወንድም» ተብሎ ኦቾሎኒው ወደ እሱ ይገፋለታል።

የ134 ደቂቃው ፊልም በዚህ ዓይነት እስከ መግሪብ ይዘልቃል፤ እየቆመ፣ እየተመለሰ። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ በታየ ቁጥር አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ አንድ ሰው ጥግ ላይ አለ። የታችኛው ከንፈሩ ተዘርግቶ ትልቅ ክብ ገል ይዟል፤ ከሱፉ ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም። ገሉ ከሙርሲና ከሱሪ የተወሰደ ነው፤ ከኦሞ። እዚያ የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው፣ ፊልሙ ለወንድ ሰጠው። ኦቾሎኒ አቅራቢው ልጅ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያልተናገረው፣ በጣቱ ያሳያል። «ይኼኛውስ ማነው?»

ተንታኙ ዓይኑን እንኳ አያነሳም። «እሱን ተወው። እሱ ለጌጥ የገባ ነው።»