እኔ የኪሎ አማላጅ አይደለሁም!

ለሁለት ቀን እረፍት ደብረ ብርሃን መጥቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ሻንጣ ተገትሮ ጠበቀኝ። የኔ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ አረብ አገር ልትበር ነው። እናትየው "አንተ እዚያ ኤርፖርት አለቃ አይደለህ? ኪሎዋን እንዳላየህ ሆነህ አሳልፍልን" አሉኝ።

ኧረ በፈጠራችሁ! ሻንጣ የሚመዝነው ሌላ፣ ቲኬት የሚያየው ሌላ። እኔ አለቃ የሆንኩት አውሮፕላኑ ሥር ነው። ጫኝ አውራጅ ልጆቼን ይዤ ሞተሩ እስኪጠፋ፣ ቀይ መብራቱ እስኪቆም እጠብቃለሁ፣ ጎማው ሥር ማገጃ ይገባል፣ ከዚያ አውርደን ጭነን በሰዓቱ መሸኘት ነው። ከዘገየ ደግሞ በማን ምክንያት እንደዘገየ ከነደቂቃው ይጻፋል፤ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ኪሎ ኪሎ ትላላችሁ። የተለመደው 23 ነው፤ ከ32 በላይ የሆነን አንድ ሻንጣ ግን ብትከፍሉም አይቀበሏችሁም። ለክፋት አይደለም፣ የሚያነሳው ሰው ስለሆነ ነው። ሰዉ ሁሉን ነገር ማሽን የሚጭነው ይመስለዋል። እነ ቦይንግ 787 ላይ እውነት ነው፣ ሻንጣው በኮንቴይነር ይገባል። 737 ላይ ግን ከቤልት ሎደሩ፣ ሻንጣውን በቀበቶ ወደ ላይ ከሚያወጣው መኪና፣ ጫፍ እየተቀበለ የሚደረድረው ልጅ ነው፣ ያውም ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት የአውሮፕላን ሆድ ውስጥ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው እየመጣበት። እስቲ ተንበርክካችሁ 32 ኪሎ አንሱ! ባለፈው አንዱ ልጅ ወገቡን ይዞ እዚያው ቀረ። ሚስቱ ደውላ "ምን አድርጋችሁብኝ ነው?" ስትለኝ ምን ልበላት?

ቅቤውስ! በሃይላንድ ሞልተው፣ በሻሽ ጠቅልለው ይልኩታል። ከላዩ ሲጫንበት ይፈነዳል። ወለሉ ያንሸራትታል፣ የማያውቁት ሰው ሱፍ ኮረሪማ ኮረሪማ ሲሸት ይከርማል፣ የሚሰደቡት ግን የኔ ልጆች ናቸው። (የሚወረውርም አለ፣ አልዋሽም። አይቼ ጮኬበታለሁ።)

ለማንኛውም የዛሬውን ሻንጣ ተሸክሜ እህል ተራ ሄድኩና ሚዛን ላይ አወጣሁት። 41! ቤት መልሼ ስንከፍተው በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ከላይ ደግሞ የመንዝ ባና። ባና! ለአረብ አገር! "ቢበርዳትስ?" አሉኝ እትዬ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ የሌለበት አገር አለ ብትሉት መች ያምናል። ተከራክሬ ተከራክሬ ባናውንና ግማሹን ሽሮ አስወጣሁና፣ እፎይ ብዬ ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞር አልኩ።

ስመለስ ሻንጣው ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦበታል፣ እትዬ ዚፑን እየጎተቱ ነው። የባናው ጫፍ በጎን ወጥቷል።