ለጅማ ማሽን ከመላክ በፊት

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ስለ ሕፃናት ሳል ስናወራ «ለጅማ ፒሲአር ማሽን (የቫይረስን ዘር የሚለይ መመርመሪያ) አዋጥተን እንላክ» የሚል አይጠፋም። አሜሪካ በኅዳርና በታኅሣሥ አርኤስቪ (የሕፃናትን መተንፈሻ የሚያጠቃ ቫይረስ) ሲነሳ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ለ24 ሰዓት እየተጠራቀመ የተቀዳ ናሙና ይመረመራል፤ ውጤቱም በየሳምንቱ ይወጣል። ጅማ ላይ አብዛኛው ቤት መጸዳጃው ጉድጓድ ስለሆነ ፍሳሹ አንድ ቦታ አይሰበሰብም። የአዌቱን ወንዝ እንቅዳው ቢባል ክረምቱ ያቀጥነዋል፣ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣም አይለይም። ማሽኑማ ኬሚካሉ ያለቀ ቀን ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

የአፍንጫ ናሙና ከጥቂት ሕፃናት ወስዶ አዲስ አበባ መላክ ይሻላል። ዘንጉ እንጨት የሆነ የጥጥ መጥረጊያ ምርመራውን ስለሚያውክ ዘንጉ ፕላስቲክ፣ ጫፉ ሰው ሠራሽ የሆነውን መጠቀም ነው። ናሙናው በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቀዝቅዞ በ72 ሰዓት መድረስ አለበት። 350 ኪሎ ሜትሩ አይደለም የሚያበላሸው፣ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ዓርብ የተወሰደው ሰኞ ሲከፈት ሰዓቱ አልቋል።

ጅማ ግን ውጭ ብዙም የማይታይ ሀብት አላት፦ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። እሷ የሚያስለውን ሕፃን ትንፋሽ መቁጠር ትችላለች። ትንፋሽ የሚቆጠረው ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ 1 ዓመት 50፣ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጣ ገባ ስለሚል አንዷ ስህተት ሁለት ሆና ትመጣለች።

ቁጥሩ የሚባክነው ከዚያ በኋላ ነው። «የሳንባ ምች፣ ከ5 ዓመት በታች» ተብሎ በወር ሲደመር በሳምንታት ውስጥ ወጥቶ የወረደው የበሽታው ሞገድ በደንብ አይታይም፤ አርኤስቪ በተለይ የሚጎዳቸው ከ6 ወር በታች ያሉትም ከ4 ዓመቱ ልጅ ጋር ይቀላቀላሉ። በሳምንት መደመር፣ ጨቅላዎቹን ለብቻ ማስፈር፣ ቤትም ጤና ጣቢያም የታየው ሁለቴ እንዳይቆጠር ስሙንና ቀበሌውን መጻፍ፦ መዝገብና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። ትኩሳት የሌለውም ይቆጠር፤ ብዙ ጨቅላ አርኤስቪ ይዞት አይተኩስም።

ከሁሉ የሚዘለለው ሳሉ የጀመረበት ቀን ነው። መጀመሪያ እንጥል ለማስቆረጥ የተወሰደ ልጅ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ቀናት ዘግይቶ ስለሆነ፣ የመጣበት ቀን ብቻ ከተጻፈ ሞገዱ ገና ሲነሳ የታመመው ልጅ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ይመዘገባል።