ኮዱ ሲሊንደሩን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይነግርህም
ወንድሜ፣ የመኪናው ኮምፒውተር ስለሚያወጣው የጥፋት ኮድ «ፒ0302 ከመጣ የሁለተኛው ሲሊንደር ኮይል ሞቷል፣ ቀይረው» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ኮይል ነዳጁን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ኮዱ የሚለው ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ እያደረገ ነው፣ ማለትም ውስጡ ያለው ነዳጅ በትክክል እየተቃጠለ አይደለም፣ ብቻ ነው። ጥፋቱ ከካንዴላው፣ ነዳጅ ከሚረጨው ኢንጀክተር ወይም ከኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ካለው የአየር እመቃ) ማነስም ሊሆን ይችላል።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኮይል አቀያይር። ኮዱን አጥፍተህ ንዳው። አሁን ፒ0303 ከመጣ፣ ማለትም ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሄደ፣ ጥፋተኛው በእርግጥም ኮይሉ ነው። ፒ0302 ተመልሶ ከመጣ ካንዴላውንም እንደዚሁ አቀያይረህ እይ። እሱም ካልሆነ ኮምፕሬሽን አስለካ። ያገለገለ ስፖርት መኪና ላይ የኮምፕሬሽን ልኬቱን አትዝለል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲለፋ የኖረ ሊሆን ይችላል።

የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሙከራውን ተውና መኪናውን አቁም። ያልተቃጠለው ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን ካታላይዘር ከመጠን በላይ አግሎ ያበላሸዋል።