ዝናቡ ቢያባራም ወንዙ ገና ነው

ከባድ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ተጠልሎ የቆየው ሁሉ ጉዞውን ይቀጥላል። ወንዙ ግን ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ሙላቱ ላይ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይኛው ተፋሰስ የወረደው ውሃ ከየገባሩ ተሰባስቦ ታች እስኪደርስ በትንሽ ወንዝ ሰዓታት፣ በትልቅ ወንዝ ቀናት ይወስድበታል። መሻገሪያው አካባቢ አንድ ጠብታ ሳይወርድም ሙላት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መሻገሪያ የሚዘጋውም የሚከፈተውም ሰማይ ታይቶ ሳይሆን ውሃው ተለክቶ መሆን አለበት።

በዝናብ ወቅት «ወንዝ ዳር ያላችሁ ጥንቃቄ አድርጉ» ይባላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ሰው አያድንም። ጥንቃቄ ለአንዱ ቀስ ብሎ መንዳት ነው፤ ለሌላው ጫማ አውልቆ ውሃው ውስጥ መግባት። የትኛው መሻገሪያ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተዘጋና በየት በኩል እንደሚኬድ ይነገር።

አሽከርካሪን የሚያታልለው የመኪናው ክብደት ነው። 4 ሜትር ርዝመትና 1.7 ሜትር ስፋት ያላት፣ 1,200 ኪሎ የምትመዝን የቤት መኪና እንውሰድ። ውሃው ከወለሏ በላይ 10 ሴንቲሜትር ሲደርስ በግምት 680 ኪሎውን እሱ ይሸከመዋል፤ ጎማዎቿ መሬት የሚቆነጥጡት በቀሪው ብቻ ነው። 18 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ትንሳፈፋለች። ወለሏ ከመንገዱ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ ጠቅላላው ጥልቀት ገና ጉልበት አይደርስም። ወራጅ ውሃ ደግሞ እስክትንሳፈፍ እንኳ አይጠብቅም፣ ከጎን ይገፋታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። 60 ሴንቲሜትር ውሃ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል፤ እግረኛን ለመጣል 15 ሴንቲሜትር ፈጣን ውሃ ይበቃል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በየ10 ሴንቲሜትሩ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ከሁለቱም ዳር እንዲታይ ይተከል፤ ዜሮው የመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይሁን። በሁለቱም በኩል የሚቆለፍ የብረት መዝጊያ ይኑር፤ ቁልፉም እዚያው ሰፈር በሚያድር፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የመዝጋት ሥልጣን ባለው ሰው እጅ። ሌሊት ጥልቀት በዓይን አይገመትምና ይህ ሰው ከሌለ ምሰሶው ብቻውን ዋጋ የለውም። ከላይ በኩል ወንዙን የሚከታተል ሌላ ሰው ደግሞ ስልክ ይደውልለት። ውሃው መንገዱን መሻገር እንደጀመረ ይዘጋ። ወንዙ ውስጥ አሸዋ የሚያወጣ ወይም ልብስ የሚያጥብ ሰው ግን ስልክ አይጠብቅ፦ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ካመጣ ወይም ሳይታሰብ ከጎደለ ወዲያው ከፍታ ላይ ይውጣ። ድንገተኛ መጉደል ከወንዙ ላይኛ በኩል በግንድና በደለል የተገደበ ውሃ መኖሩን ሊያመለክት ይችላል፤ ግድቡ ሲደረመስ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል።

መክፈቱም እንደ መዝጋቱ በዓይን ግምት አይሆንም፤ በተለይ መሻገሪያው ድልድይ ከሆነ። ፈጣን ውሃ በድልድይ ምሰሶ ሥር ያለውን አፈር ቦርቡሮ ያወጣል። ጉድጓዱ የሚጠልቀው በሙላቱ ጊዜ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ልል ደለል ይሞላዋል። ላዩን ያየ ሰው ደህና ይመስለዋል፣ ደለሉ ግን ምሰሶ አይሸከምም። ውሃው ሲረጋጋ ረጅም ብረት ምሰሶው ሥር ይተከልና ይታይ፤ ያለችግር ከሰመጠ መሠረቱ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። በድልድዩ ዳር ያለው የእጅ መደገፊያ ሲታይ መስመሩ ከተጣመመ፣ ወይም መንገዱና ድልድዩ የሚገናኙበት ቦታ ከተሰነጠቀ ወይም ከሰመጠም ያው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ መሐንዲስ እስኪያየው መዝጊያው አይነሳ፤ ቀላል መኪናም ቢሆን «ለሙከራ» አይለፍበት።