ዊልቸሩ ደረሰ፣ ባለሙያውስ?

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። በቅርቡ ዊልቸር የሚጠቀሙ ሰዎችን የምንረዳ ሠራተኞች ተሰብስበን ሥልጠና ወሰድን። አሠልጣኟ ራሷ ዊልቸር ተጠቃሚ ናት። ከቦርሳዋ መጀመሪያ ያወጣችው ሜትር ነው። የዳሌ ስፋት አስለካችን። ከመቀመጫ ጀርባ እስከ ጉልበት ማጠፊያ አስለካችንና ከዚያ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀንሱ አለችን፤ ካልተቀነሰ የወንበሩ ጠርዝ ጉልበት ሥር ገብቶ ይቆረቁራል። ከጉልበት እስከ ተረከዝም ለካን። የእግር ማሳረፊያው የሚስተካከለው በዚህ ነው።

ሆዴን ያባባው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እጃችሁን ከተቀመጠው ሰው ሥር አስገቡ አለችን። መዳፍ ወደ ላይ፣ ጣቶች የመቀመጫ አጥንቱ ሥር። ጣታችሁ እንደልቡ ከተነቃነቀ ደህና ነው። መነቃነቅ አቅቶት ግን ሳይቸገር ከወጣ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ተቆንጥጦ አልወጣም ካለ ሰውየው አደጋ ላይ ነው፤ የመቀመጫው ትራስ መቀየር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የመሠረታዊ ዊልቸር አገልግሎት ሥልጠና ውስጥም ይኸው የጣት ምርመራ አለ። ማሽን አይፈልግም። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የሚፈልገው የሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ የአጎቴን ልጅ አሰብኩት።

ደሴ ነው የሚኖረው። ባጃጅ ተገልብጦበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከጊዜ በኋላ ዊልቸር ሊሰጥ ነው ተባለና አዳራሽ ተጠራ። ባነር ተሰቅሏል፣ እንግዶች ንግግር አድርገዋል፣ ዳቦ ተቆርሷል። ስሙ ተጠራ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣ ፎቶ ተነሳ። በቃ። ማንም ሜትር አላወጣም። ደውዬ እንኳን ደስ አለህ ስለው፣ "እታለም፣ ወንበሩ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ጎረቤት ልጋብዝ ነው" ብሎ አሳቀኝ።

ክፍተቱን በስፖንጅ ሞላው። ስፖንጁ ውሎ አድሮ ተጨፍልቆ አለቀ። ስሜት ያለው ሰው ሲቆረቁረው ሳያስበው ይገላበጣል፤ እሱን ግን ሰውነቱ አይነግረውም። አጥንትና ወንበር መሀል የተጨነቀ ሥጋ ደም ስለማያገኝ ይሞታል። እናቱ ያወቁት ሱሪው ላይ እርጥበት አይተው ነው። ቁስሉ አጥንት ድረስ ዘልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ወራቱን በደረቱ ተኝቶ ገፋ። ዊልቸሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

"ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ፊት አጎንብሰህ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይ" የሚለው አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ኖሮ! ይህቺን ለመናገር ስንት ብር ይፈጃል?

ለሰው የሌላ ሰው መነጽር ሰጥተን "በል እይበት" አንልም። ዊልቸር ላይ ሲሆን ግን ይህንኑ እናደርጋለን፣ እናጨበጭባለን። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሥልጠናው የዊልቸር አገልግሎት ስምንት ደረጃ አለው ይላል። ከቀጠሮ ይጀምራል፤ ምርመራው፣ ትእዛዙ፣ ገንዘቡ፣ ወንበሩን ማዘጋጀቱና በልክ ማስተካከሉ አለ፤ ከዚያ ተጠቃሚውን ማሠልጠን፣ በመጨረሻም ጥገናና ክትትል። እኛ ጋ ከስምንቱ የሚታወሰው ገንዘቡ ብቻ ነው።

እዚህ አሜሪካ ሬስና የሚባል የሙያ ማኅበር የአጋዥ ቴክኖሎጂ፣ ማለትም ዊልቸርን የመሰሉ መሣሪያዎች፣ ባለሙያዎችን ፈትኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ውስብስብ ለሆነ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሲከፍል፣ አቅራቢው ድርጅት እንዲህ ያለ ባለሙያ ቀጥሮ በአካል እንዲያሳትፍ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ የተጀመረ አሠራርም አለ፤ በየስቴቱ መሣሪያ የሚታይበት፣ የሚሞከርበት፣ በውሰት የሚወሰድበት ፕሮግራም። ጣጣ የለውም አልልም። የኢንሹራንሱ ምልልስ ያታክታል፣ ጥገናውም ሰውን አስመርሮ የኮሎራዶ ስቴት እ.ኤ.አ. በ2022 ተጠቃሚዎች የኤሌክትሪክ ዊልቸራቸውን ራሳቸው መጠገን እንዲችሉ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ወንበር ሳይለካ የሚሰጥ ሰው ይጠየቃል።

አገር ቤት ባለሙያ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሰው የዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲያከናውን የሚረዳ ሙያ፣ ትምህርት ጀምሯል። መናገሻ ያለው የቼሻየር የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ማገገሚያ ስንት ሕፃን በእግሩ አቁሟል። እነዚህን የመሰሉ ቦታዎች እያሉ ነው እኛ ወንበሩን አዳራሽ ውስጥ አድለን የምንሄደው።

የላፕቶፑም ነገር ያው ነው። ለዓይነ ስውር ተማሪ ላፕቶፕ ተሰጠ ይባላል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ነጻ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፣ ሌላ ዓይነ ስውር ጓደኛው ተቀላቀለው። ኢስፒክ በተባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ግን ሻካራ ነው፣ ጆሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። ትእዛዙ ሁሉ በኪቦርድ ነው፣ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ካልተላከ ላፕቶፑን ታናሽ ወንድሙ ፊልም ያይበታል።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው ወር ወደ ማኅበራችን ስብሰባ ሄድኩ። በየጊዜው ያገለገሉ ዊልቸሮች ሰብስበን በኮንቴነር ወደ አገር ቤት እንልካለን። አብዛኞቹ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ለመግፋት የተሠሩ ናቸው። የፊት ጎማቸው ትንሽና ቀጭን ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ሲደርስ ይቀረቀርና ሰውየውን በፊቱ ይደፋዋል። ጎማው ሲያልቅ ምትኩ አገር ውስጥ አይገኝም። የብስክሌት ጎማ የሚቀበል ወንበር ቢሆን ግን የትኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ይሠራዋል።

እንዲህ አልኩ፦ ከኮንቴነሩ ወጪ ቀንሰን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች እናሠልጥን። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ሥልጠና በአምስት ቀን ገደማ ያልቃል፤ ጽሑፉ በነጻ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው አጋዥ መሣሪያ ይፈልጋል፣ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋው አያገኝም፤ ከእንቅፋቶቹ አንዱ የሠለጠነ ሰው እጥረት ነው። ይህን ተናግሬ ሳልቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው ተነሡና "እኛ ዊልቸር ነው የምንልከው፣ ስብሰባ አንልክም" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

አጨበጨበ! እኔ እስካሁን ያቃጥለኛል። የዚያን ልጅ ቁስል ያየ ሰው አያጨበጭብም። ሥልጠና ፎቶ ላይ አያምርም፣ ኮንቴነር ያምራል፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። እኚያ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ከማንም በላይ ያዋጣሉ። እሳቸውንም ቢሆን ማሳመን እፈልጋለሁ።

ቀጣዩ ኮንቴነር ለመስከረም ታስቧል። የእኔ መዋጮ ለሁለት ነርሶችና ለአንድ ብስክሌት ጠጋኝ የሥልጠና አበልና ትራንስፖርት እንዲውል ለገንዘብ ያዡ ነግሬያለሁ። ለወንበሮቹ ትራስ መግዣም ይያዝ ብያለሁ። ሐሳቡ የገባችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ቀደም ብላችሁ ኑ፤ አጀንዳ የሚመዘገበው ስብሰባው ሳይጀመር ነው።